የመምህርት ትርንጎ ታዳሽ ላስቲክ

እኔ ተሰላፊ ነኝ። ስድብ እንዳይመስላችሁ፣ ሙያ ነው። በእኛ ከተማ ሰው ሁሉ ሲሰለፍ ከዋለ የሚያርስና የሚያጭድ ስለሚጠፋ፣ በሰው ፋንታ የምንቆም ሰዎች አለን። ጉልበቴ ጠንካራ ነው፣ ፊኛዬም ታጋሽ ነው፤ ከፊቴ የቆመውን ሰው ማጅራት አይቼ ወረፋው ስንት ቀን እንደሚፈጅ እነግራችኋለሁ። የከተማዋን ስም ግን እንዳትጠይቁኝ። የድሮው ስሟ ጊዜው አልፎበታል፣ አዲሱ ደግሞ ገና አልታደሰም፤ እስኪታደስ ድረስ በስም መጥራት ያስቀጣል።

እኛ ጋ የማይታደስ ነገር የለም። መታወቂያ ማሳደስ የትም አገር አለ። እኛ ጋ ጋብቻ ይታደሳል፣ ጉርብትና ይታደሳል፣ ቂም ሳይቀር ይታደሳል። ቂሙን በጊዜው ያላሳደሰ ሰው ከባላጋራው ጋር እንደታረቀ ይቆጠርበታል። እኔ ራሴ አንዱን ነገረኛ ጎረቤቴን ሳልወድ በግድ የታረቅሁት ወረፋ አምልጦኝ ነው። ተሰላፊ ሆኜ ወረፋ አመለጠኝ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ይህን ሁሉ የሚሠራው መሥሪያ ቤት እድሳት ቤት ይባላል፣ አለቃው ደግሞ ዋና አዳሽ።

ለነገሩ የማወራችሁ ስለ መምህርት ትርንጎ ነው። አብረን ስላደግን አንቺ ነው የምላት፤ ሌላው ሰው ሁሉ አንቱ ይላታል። ሠላሳ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምራ ጡረታ የወጣች፣ ጣቶቿ በአሲድ የተለበለቡ፣ የጠየቃትን ሰው ሁሉ ተማሪዋ አድርጋ የምታይ ሴት ናት። አንድ ልጅ አለቻት፣ አዝመራ የምትባል። የአዝመራ ቤት ከራሰ በራው ሥር ነው። ራሰ በራው የምንለው ከከተማዋ በላይ ያለውን ኮረብታ ነው፤ አንድ ቁጥቋጦ እንኳ አልነበረበትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ዝናብ ጎኑ ተንዶ አሥራ አንድ ቤት ከነሰዉ ዋጠ። ጭቃው የቆመው የአዝመራን አጥር ተደግፎ ነው። ትርንጎ ልጄ ሆይ ነይ እኔ ጋ ኑሪ ብላ ለምናት ነበር። አዝመራ ግን የቤት አድራሻዋን ያሳደሰችው ያኔ ገና በቅርቡ ነበር፤ የታደሰ አድራሻ ደግሞ ዘመኑ ሳያልቅ አይለቀቅም። ሕግ አክባሪ ልጅ ናት። እንግዲህ እናት ልጇን ከኮረብታው ሥር ማውጣት ሲያቅታት ኮረብታውን አስራ ልታስቀምጠው ተነሳች።

ችግኝ በየዓመቱ ይተከል ነበር፣ ግን አይጸድቅም። ሰዉ ከነላስቲኩ ይተክለዋል፣ ሥሩ እላስቲኩ ውስጥ እየዞረ ይጠመዘዝና ይሞታል። ላስቲኩን ቀድደህ ትከል ሲባል ደግሞ አፈሩ ይረግፍና ሥሩ ራቁቱን ይቀራል። ትርንጎ ይህን አይታ፣ ችግኙን እስኪተከል የሚይዝ፣ ከተተከለ በኋላ ግን እዚያው አፈር ውስጥ የሚጠፋ ላስቲክ እሠራለሁ አለች። ከምን ትሠሪያለሽ ብላት ከበቆሎ አለችኝ። እኔም አንገቴን ነቀነቅሁ፤ ጡረታ ሰውን ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ።

ግን ሠራችው። የበቆሎ ስታርች በውሃ ትበጠብጣለች፣ ትንሽ አቼቶ ጠብ ታደርግበታለች፣ ከጉሎ ዘይት ሳሙና ስትሠራ የሚተርፋትን ግሊሰሪን ትጨምርና በብረት ድስት እያማሰለች ታበስለዋለች። መጀመሪያ እንደ አጥሚት ነጭ ነው፣ በኋላ ወፍሮ ጥርት ይላል። በትሪ ላይ ታፈሰዋለች፣ ሲደርቅ እንደ ቆዳ ይላጣል። ግሊሰሪኑ ሲያንስ እንደ ብስኩት ይሰባበራል፣ ሲበዛ እጅ ላይ ሙጭጭ ይላል። የመጀመሪያውን ጥሩ ላስቲክ አይጥ በላው። ሙሉ በጋ እንዲህ ስትሞክር ከርማ አንድ ቀን እጄን ይዛ አስገባችኝና ውሃ የሞላ ከረጢት አንጠልጥላ አሳየችኝ። አላፈሰሰም። እንደ ልጅ ሳቀች። እኔም ደስ ብሎኝ ይህ ነገር ምን ይባላል አልኳት፤ ፖሊመር ይባላል፣ ትንንሽ ቅንጣቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ረጅም ሰንሰለት ሲሆኑ ነው አለችኝ። ገባኝ አልኳት። አልገባኝም ነበር።

ከዚያ ፈቃድ ማውጣት መጣ። ዘጠኝ ቀን ቆምኩላት፣ በዘጠነኛው ቀን ይርሳው ከሚባለው ጸሐፊ መስኮት ደረስንና እሷ ራሷ ቀረበች። ይርሳው ክፉ ሰው አይደለም፣ ብቻ ቃል ይወዳል። ቅጹ ላይ «ከምን ተሠራ» በሚለው ሥር «ከታዳሽ የዕፅዋት ኬሚካሎች» ብላ ጽፋ ሰጠችው። አነበበው። ከ«ታዳሽ» ሥር መስመር አሰመረ። ደግሞ አነበበው።

«መምህርት፣ ታዳሽ ነው ካሉ በየስንት ጊዜው ነው የሚታደሰው?» አላት።

ትርንጎ የበቆሎው ነገር መሰላት። ተራው ላስቲክ የሚሠራበት ነዳጅ አንዴ ከመሬት ከወጣ አለቀለት፣ በቆሎ ግን ይታጨዳል፣ በዓመቱ ደግሞ ይበቅላል፤ ታዳሽ ማለትም ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ጥሩ ጥያቄ ከተማሪ ከሰማች ብዙ ጊዜዋ ስለነበር ደስ አላት።

«በየዓመቱ ነዋ» አለችው።

ይርሳው ብድግ ብሎ እጇን ጨበጣት። ሳይጠየቅ ራሱን ለእድሳት ያቀረበ ዕቃ በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ ታይቶ አያውቅም። «ላስቲክ ከነችግኙ፣ በየዓመቱ የሚታደስ» ብሎ ጻፈና ማኅተም መታበት። እኔ ከጎኗ ቆሜ ነበር፤ አንድ ነገር ሽው ብሎብኛል፣ ግን ዘጠኝ ቀን ቆሞ የዋለ ሰው ማኅተም ሲያይ ሌላ አያስብም።

ሦስት ሺህ አንድ መቶ ችግኝ ተከለች፣ ዋንዛና ግራር። ጸደቁ። የመጀመሪያው ክረምት መጣ፣ ራሰ በራው አልተንቀሳቀሰም። ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛው መጣ። በአራተኛው ዓመት ዋንዛው ከጣሪያ በልጦ፣ አዝመራ ዝናብ ሲጥል ልብሷን ለብሳ መተኛት ተወች።

የመጀመሪያው ዓመት የእድሳት ጥሪ የደረሰው ያኔ ነው፣ በአራተኛው ዓመት ግንቦት ላይ። ለእድሳት ቤት ይህ ጥድፊያ ነው። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ በስምዎ የተመዘገቡት ሦስት ሺህ አንድ መቶ ታዳሽ ላስቲኮች ስላልታደሱ በአሥር ቀን ውስጥ ቀርበው ይታደሱ።

ትርንጎ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየችው። ባዶ ነው። የሌላ ሰው መስሏት ልትመልሰው አሰበች፣ ስሟ ግን አለበት። ቁጭ ብላ ቃል በቃል አነበበችው፤ እያንዳንዱ ቃል የምታውቀው አማርኛ ነው፣ አንድ ላይ ሲሆን ግን ምንም አልሆንላት አለ። ያልገባኝ ነገር አለ፣ ጠይቄ ልምጣ ብላ ነጠላዋን ለበሰች። ሠላሳ ዓመት ያልገባችሁን ጠይቁ ስትል የኖረች ሴት ናትና አለመግባት አያስፈራትም ነበር።

ዋና አዳሹ አቶ ልንገረው ይባላሉ። ላባቸው ቶሎ የሚመጣ፣ ሰው ሲቸገር ማየት የማይወዱ ሰው ናቸው፤ አስቀምጠው አነጋገሯት። እሷም አስረዳች። የሚታደሰው ላስቲኩ ሳይሆን በቆሎው ነው አለቻቸው። እሳቸውም በጥሞና ሰምተው፣ በቆሎው የተመዘገበው በማን ስም ነው አሏት። በቆሎ አልተመዘገበም፣ ላስቲኩ ግን የለም አለቻቸው። የት ሄደ ቢሏት አፈር ሆነ አለች። አቶ ልንገረው እንደ ለቅሶ ቤት ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

ከዚያ እንዴት ሆኖ አፈር እንደሆነ ጠየቋት። እዚህ ጋ ትርንጎ ተሳሳተች እላለሁ፤ ማስተማር ጀመረች። ቅንጣቶቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሰንሰለት ይሠራሉ፣ አፈር ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን ደግሞ ሰንሰለቱን ይፈቱታል አለች። አቶ ልንገረው መሀረባቸውን አወጡ። ማን እንዳያያዛቸው ጠየቁ። እኔ አለች። ማን ፈታቸው አሉ። በዓይን የማይታዩ ናቸው አለች። ያለዚህ ቢሮ ትእዛዝ ነው የተፈቱት አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ትርንጎ አዎ አለች፣ ሌላ ምን ትበል። ወጥታ ስትነግረኝ ግራ ገብቷት ነበር። «የምናገረው እኔ ነኝ፣ የሚሰሙት እሳቸው ናቸው፤ መሀል ላይ ማነው የሚለውጠው?» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ለማጣራት መጡ። ይርሳው ወንፊት ይዞ፣ ሁለት ቆፋሪ አስከትሎ ኮረብታው ላይ ወጣ። አንድ ዋንዛ ነቅለው ሥሩን አዩ፣ ላስቲክ የለም። ይርሳው አፈሩን በወንፊት ነፋው፤ ትል ብቻ ነው የቀረው። ትሉን መዘገበ። ሁለተኛ ነቀሉ፣ ሦስተኛ ነቀሉ። በአራተኛው ላይ ትርንጎ ዛፉን አቅፋ ቆመች፣ ይርሳው ግን መምህርት አይጨነቁ፣ እስክናገኘው አናቆምም አላት። አይዞዎት የሚላት መስሎት ነው። አራተኛውንም ነቀሉ። ከዚያ ውሳኔው መጣ፦ በጥቂቱ ባለመገኘቱ ሁሉም ይቆፈር።

ያን ዕለት ደጃፏ ላይ ተቀመጥን። ክረምቱ ሊገባ ሁለት ሳምንት አልቀረውም። እኔ መቼም ብልጥ ነኝ ባይ ነኝ፤ ከሱቅ ተራውን የነዳጅ ላስቲክ ግዢና ጭቃ ቀብተሽ አቅርቢላቸው፣ እነሱ ምን ያውቃሉ አልኳት። እሱ እንኳን አራት ዓመት መቶ ዓመትም አይጠፋም፣ በየዓመቱ እያመጣሽ ታሳድሺዋለሽ። ተቆጣችኝ። «ይህን ነገር የሠራሁት እሱን ለማጥፋት ነው። አሁን እሱን ተሸክሜ ሄጄ የእኔ ነው ልበል?» አለችኝ። አፈርኩ። እስከ ዛሬ ግን ምክሬን ሰምታኝ ቢሆን እላለሁ።

በማግስቱ ቢሮ ሄደች። አስተማሪነቷ ከላይዋ ወርዶ ነበር። ልጄ ከኮረብታው ሥር ናት፣ ዛፉ ከተነቀለ ልጄን ቅበሩልኝ ማለት ነው ብላ ከአቶ ልንገረው ፊት አለቀሰች። አቶ ልንገረውም አለቀሱ፤ እውነቴን ነው፣ ይርሳው ራሱ ነው የነገረኝ። መዝገቡን እያገላበጡ መውጫ ሲፈልጉላት ዋሉ። ከቀትር በኋላ አንድ አንቀጽ አገኙ። ፊታቸው በራ።

«መምህርት፣ የሞተ ነገር አይታደስም» አሏት። «ላስቲኩ አፈር ሆኗል ብለውኝ የለ? አፈር የሆነ ሞቷል። መሞቱን ይፈርሙልኝ፣ ፋይሉን እዘጋለሁ፣ ዛፉን የሚነካው የለም።»

ትርንጎ ቅጹን አየችው። «ላስቲክ ከነችግኙ፣ ሦስት ሺህ አንድ መቶ፣ ሞቷል» ይላል። ላስቲኩ እንጂ ችግኙ አልሞተም፣ እሱን ይሰርዙልኝ አለቻቸው። አቶ ልንገረው በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፋይሉ አንድ ነው፤ ግማሽ ፋይል አይሞትም። ብፈርም በኋላ ምን ይከተላል ብላ ጠየቀች፤ ይህን መጠየቋን ልብ በሉልኝ፣ ሞኝ አልነበረችም። ምንም አይከተልም አሏት፣ የሞተ ነገር ምን ይከተለዋል።

እስክሪብቶውን ይዛ ብዙ ቆየች። ግማሹ እውነት ነው ብላ አሰበች። ሌላው ግማሽ ደግሞ ወረቀት ነው፣ ወረቀት ሥር የለው ቅጠል የለው፣ ዛፉ ወረቀት ላይ ሞቶ መሬት ላይ ይኑር። ፈረመች። ስትወጣ ፊቷ ላይ ቀለም ተመልሶ ነበር፤ ዳነልኝ አለችኝ። እኔም እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት። የዚያን ዕለት አብረን እየሳቅን ነው ወደ ቤት የሄድነው፣ ቆፋሪዎቹም ዶማቸውን ሸክፈው ሲመለሱ መንገድ ላይ ሰላም አልናቸው።

እድሳት ቤት ሐሙስ ሐሙስ የሞቱትን ዝርዝር ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ለሰው የተደረገ ነው፣ ለቅሶ እንዳያመልጥ። በዚያ ሐሙስ ከሁለት ሽማግሌዎች ስም ቀጥሎ ሦስት ሺህ አንድ መቶ ዋንዛና ግራር ከነቦታቸው ተለጠፉ፣ ከሥር የትርንጎ ፊርማ።

በእኛ ከተማ እርጥብ ዛፍ መቁረጥ ከባድ ወንጀል ነው። ማገዶ እንደ መድኃኒት በሚፈለግበት አገር አራት ዓመት ሙሉ ያን ኮረብታ አንድ ሰው ያልነካው፣ አንዲት ጭራሮ እንኳ ያልሰበረው ለዚህ ነው። ደጎች ስለሆንን አይደለም፣ ሕግ አክባሪዎች ስለሆንን ነው። የሞተ እንጨት ግን የቀደመ ይወስደዋል።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዎች ከራሰ በራው ግርጌ ቦታ ያዝልን ብለው ቀጠሩኝ። የምን ሰልፍ እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ በሙያዬ አይጠየቅም። ስደርስ ከተማው በሙሉ እዚያ ነው። መጥረቢያ፣ ገጀራ፣ ገመድ፣ አህያ። ማንም አይጋፋም፣ ማንም አይሳደብም፣ ሁሉም በተራው ነው የሚገባው። ይርሳው በር ላይ ቆሞ ከግድግዳው የተገለበጠውን ዝርዝር እያየ የሞተ ብቻ መወሰዱን ይቆጣጠራል። ከላይ የመጥረቢያ ድምፅ ይሰማል። ያን ጊዜ ገባኝ።

ትርንጎ ነጠላዋ መሬት እየጎተተ በሩጫ መጣች። ይርሳውን ያዘችው፣ ዛፎቹ በሕይወት አሉ አለችው። ይርሳው ዝርዝሩን አየ፣ ዛፎቹን አየ፣ እሷን አየ። የተወዛገበ ሰው ፊት እንደዚያ አይቼ አላውቅም። መምህርት፣ ከሳሽዎ እርስዎ፣ ምስክርዎ እርስዎ፤ ታዲያ እኔ ማንን ልመን አላት። ለመቃወም ማክሰኞ መስኮት አምስት ጋ መሰለፍ ይቻላል ብሎም ነገራት። ትታው ሽቅብ ወጣች። እኔ ከሰልፉ ውስጥ ነበርኩ። እግሬ አልነሳም አለኝ፤ ሠላሳ ዓመት ቦታ ሳልለቅ ኖሬያለሁ። ያሳፍራል፣ ግን እውነቱ ይህ ነው። በመጨረሻ ወጥቼ ተከተልኳት፤ ሦስቱ ቀጣሪዎቼ እስከ ዛሬ አያናግሩኝም።

ግማሹ ጎን ተመልጧል። ግራሩ በሰልፍ ወድቋል፣ ጉቶው ሁሉ ነጭ ነው። ትርንጎ እየተንደረደረች ትሄድና አንዱን ትለምናለች፣ እሱም አንቱ ብሎ ቆቡን ያነሳላትና ይቀጥላል። ወደ ላይ ስንወጣ ከዋንዛዎቹ መሀል አዝመራን አገኘናት። መጥረቢያ ይዛለች፣ ገመዷ ትከሻዋ ላይ ነው።

አዝመራ እናቷን ስታይ ደስ አላት። የእኛ ድርሻ እንዳያመልጠን ብዬ በጠዋት ነው የወጣሁት፣ በይ ገመዱን ያዢልኝ አለቻት። ትርንጎ መጥረቢያውን ልትቀማት እጇን ዘረጋች።

«ተዪው ልጄ። ይህን እንኳ ተዪው።»

«እማዬ፣ ሞቷል እኮ። ፊርማሽን ግድግዳው ላይ አይቼዋለሁ፤ ያንቺ ነው፣ አውቀዋለሁ።» ቀድማ የመታችው ቦታ ላይ መዳፏን አሳረፈችና አነሳችው። እርጥብ ነው። ጣቶቿን አይታ ግራ ገባት። «ታዲያ ይህ ምንድነው?»

ትርንጎ አፏን ከፈተች። ስለ በቆሎው ልትነግራት ፈለገች፣ ስለ ቃሉ፣ ስለ አንዱ ፋይል፣ አንዱ ሌላውን እየጠራ አንድ ላይ መጣባትና ምንም አልወጣላትም። ሠላሳ ዓመት ያስተማረች ሴት የገዛ ልጇ ጠይቃት እንደ ሰነፍ ተማሪ ቆመች። እንዲያ ሆና ሳያት እንባዬ መጣ። አዝመራም ጠበቀቻት፣ አጥብቃ ጠበቀቻት፤ መልስ ሲጠፋ ግን ጣቷን በቀሚሷ ጠርጋ፣ መጥረቢያዋን አንስታ ደገመችው።

ዋንዛው ወደ ቁልቁለቱ ወደቀ። ቦታው ወለል ብሎ ተከፈተ፣ ከምዕራብ በኩል የጠቆረው ደመናም ታየ። አዝመራ ላቧን እየጠረገች ወደ ታች አየች። ብዙ ቆየች እያየች።

«እማዬ» አለች፣ «ቤቴ ከዚህ ይታያል እንዴ?»